የተጓዥ ምላስና የተመልካች ምላስ



ምስጋና ምድርን ለሰው ልጅ መመላለሻ አድርጎ ላመቻቸ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ከመግሪብ ሰላት በኋላ በብዙ ቤት ስለሚታይ ነገር ነው። ቡናው እየተፈላ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ አንዱ ልጅ ስልኩን ይከፍትና ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ካሜራውን ወደ ፊቱ አዙሮ በማናውቀው ከተማ ሲራመድ እናያለን። ገበያ ይገባል፣ ይቀምሳል፣ ይስቃል፣ ሲብስም አፍንጫውን ይይዛል። ከሥሩ የተመልካቾች ቃል ይጎርፋል። አንዱ ያመሰግነዋል፣ አንዱ ያርመዋል፣ ሌላው ይሰድበዋል፣ ሌላው ደግሞ የማያውቃትን እናቱን ያነሣል። ተጓዡም በሳምንቱ ብቅ ይልና ወይ ይቆጣል፣ ወይ ያለቅሳል፣ ወይም የሰደቡትን አንድ በአንድ እያነበበ ያላግጥባቸዋል። ይህም ራሱ ሌላ ትርዒት ይሆናል።

ውድ አንባቢያን! ጥያቄዬ ይህ ነው። ተጓዡ ስላየው ሰው ሲናገር፣ ተመልካቹም ስለ ተጓዡ ሲናገር የሚነካው የማን ሐቅ ነው? ጥፋት ከተፈጸመስ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ከማን ነው? ነገሩ የልጆች መዝናኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምላስ ያለበት ሁሉ ሒሳብ አለበት።

ኢብኑ በጡጣ በዘይላዕ

እስቲ በመጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሰን አንድ ታላቅ ተጓዥ እንመልከት። ኢብኑ በጡጣ ከሞሮኮዋ ጠንጃ ከተማ ለሐጅ የወጣው በ1325 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ምድርን ሲዞር ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የጉዞ ትዝታውም በ1355 በመጽሐፍ መልክ ተጠናቀቀ።

ይህ ሰው በ1330 ገደማ ከዐደን በመርከብ ተነሥቶ ዘይላዕ ደረሰ። ዘይላዕ ለእኛ ባዕድ ስም አይደለችም። የኢፋትና የአዳል ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወጣባት፣ የሐረር ሲራራ የሚወርድባት በር ነበረች። ኢብኑ በጡጣ ትልቅ ከተማ መሆኗንና ሰፊ ገበያ እንዳላት ከጠቀሰ በኋላ በዓለም ላይ ከእርሷ የባሰ የቆሸሸና የሚከረፋ ከተማ የለም አለ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ነው ብሏል። ስለዚህ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ በከተማይቱ ውስጥ ከማደር መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ።

ከዚያ ቀጥሎ ወደ መቋዲሾ ተሻገረ። በዚያ ግን ቃዲው ተቀበሉት፤ እንግዳ ሆኖ ሰነበተ። በቅቤ የበሰለ ሩዝ፣ በወተት የተቀቀለ ሙዝ ቀረበለት፤ ልብስም ተሰጠው። ስለ መቋዲሾ የጻፈው እንግድነቱን ባልረሳ ሰው ቃል ነው።

በዘይላዕ ሽታ ጉዳይ ኢብኑ በጡጣ ዋሽቷል የምንልበት ምክንያት የለንም። ነገር ግን አስቡት። እርሱ አፍንጫውን ይዞ መርከቡ ላይ ባደረበት በዚያው ዘመን የዘይላዕን ስም ተሸክመው በካይሮ በዒልም የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ። ከነዚህ አንዱ በ762 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒይ ናቸው። እኚህ ሰው «ነስቡር-ራያህ» በተባለው ኪታባቸው በሐነፊ መዝሀብ ታላቅ የፊቅህ ኪታብ ውስጥ የተጠቀሱትን ሐዲሶች ምንጭ እየተከታተሉ መርምረዋል። አንድ ሌሊት ከመርከብ ሳይወርድ ያደረ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም። ያየው እውነት ነው፤ ያላየው ግን ካየው ይበልጣል። የዘይላዕ ሰው ደግሞ «ጌታዬ፣ ግባና ቤቴን እይ» ብሎ የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም። ያ አንድ መስመር ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል ሳይመለስለት ኖሯል።

ውሸታም ተባለ

ኢብኑ በጡጣ ራሱም ከሰው ምላስ አላመለጠም። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብኑ ኸልዱን በ«ሙቀዲማህ» እንደ ጻፉት፣ ይህ የጠንጃ ሰው ወደ መሪኒዶች ሱልጣን ወደ አቡ ዒናን ግቢ መጥቶ ስለ ሕንድ ንጉሥ ሀብትና ልግስና ሲያወራ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተንሾካሾኩ ውሸታም አሉት። ኢብኑ ኸልዱንም የሰዎቹን ጥርጣሬ ይዘው ወደ ወዚሩ ወደ ፋሪስ ኢብኑ ወድራር ሄዱ። ወዚሩ ግን በምሳሌ መለሱላቸው።

አንድ ወዚር ከሱልጣኑ ጋር ተጣልቶ ለዓመታት ታሰረ። ልጁም እዚያው እስር ቤት ውስጥ አደገ። ከፍ ሲል ስለሚበላው ሥጋ አባቱን ጠየቀ። አባትየው የበግ ሥጋ ነው ብሎ በግ ምን እንደሚመስል ቢያስረዳው ልጁ አይጥ ይመስላል ወይ? አለ። ስለ ከብትና ስለ ግመል ሲነገረውም እንዲሁ ጠየቀ። በሕይወቱ ያየው እንስሳ አይጥ ብቻ ነበርና። ወዚሩ በዚህ ምሳሌ ያስገነዘቡት ስላላየኸው ብቻ አታስተባብል የሚል ነው።

እዚህ ላይ ሚዛኑን እንጠብቅ። በኋላ ዘመን የተነሡ ተመራማሪዎች በኢብኑ በጡጣ መጽሐፍ ውስጥ ከእርሱ በፊት ከነበረው ተጓዥ ከኢብኑ ጁበይር የተቀዱ ገጾች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። ደረስኩ ባላቸው አንዳንድ ቦታዎችም ላይ ይጠራጠራሉ። እንግዲያው የፌዝ ከተማ ሰዎች መጠየቃቸው ጥፋት አልነበረም። ጥፋታቸው ሳይመረምሩ መፍረዳቸው ነው። መመርመር ግዴታችን ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ዘይላዕ ትመልሳለች

በ1855 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ በዚያችው በዘይላዕ በኩል አድርጎ ሐረር ገባ። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ወጣ። በዓመቱ ለንደን ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ሐረር ሰዎች መልክና ጠባይ ብዙ የንቀት ቃል አለበት። ያን ጊዜ በጀጎል ውስጥ የነበረ አንድም ሰው መጽሐፉን አንብቦ «ይህ ስሕተት ነው» ሊለው አልቻለም። ተናጋሪው አንድ ወገን ብቻ ነበር።

ዩቲዩብ በ2005 ከተከፈተ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ዛሬ የሐረር ልጅ ከጀጎል ውስጥ ሆኖ፣ ወይም በጅዳና በዋሽንግተን ተቀምጦ፣ ስለ ከተማው የተነገረውን በዚያው ሰዓት ሰምቶ በዚያው ሰዓት ይመልሳል። «የመስጊዱን ስም ተሳስተሃል»፣ «የቀረጽካት ሴት ፈቅዳልሃለች ወይ?»፣ «ከተማችን ጅብ ማብላት ብቻ አይደለችም» ይላል። ውድ አንባቢያን! ይህ ትልቅ ፀጋ ነው። ስለዚህ ትችትን ሁሉ ጥላቻ ብሎ የሚጠራ ተጓዥ ተሳስቷል። ከትችቱ አንዱ ክፍል ለሰባት መቶ ዓመታት ሳይሰማ የቀረው የባለቤቱ ድምፅ ነው።

በጃፓን የሆነው

ይቅርታ ከማን እንደሚጠየቅ የሚያሳይ አንድ ሁላችሁም የምታውቁት ምሳሌ ላንሣ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሎጋን ፖል የተባለ አሜሪካዊ ዩቲዩበር ጃፓንን ሲጎበኝ ከፉጂ ተራራ ሥር ወዳለ አኦኪጋሃራ ወደሚባል ጫካ ገባ። በዚያ ሕይወቱን በራሱ ያጠፋ ሰው አስከሬን አገኘና ቀርጾ ለሚሊዮኖች አሳየ። ፊቱን ሸፍኖታል፤ ቀልዱንና ሣቁን ግን አልሸፈነም። ከየአገሩ ቁጣ ሲወርድበት ቪዲዮውን አነሣው። በመጀመሪያ በጽሑፍ ያወጣው ይቅርታ ያነጣጠረው በራሱ ላይ ነበር፤ ተመልካች ለመሳብ አላደረግሁትም፣ በጎ አስቤ ነው የሚል ማስረጃ ያበዛ ነበር። ያ ይቅርታ ቁጣውን አባሰው። በማግሥቱ በቪዲዮ ሲቀርብ ግን ከሁሉም በላይ ሟቹንና ቤተሰቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። በኋላም ሕይወታቸውን ሊያጠፉ የሚያስቡ ሰዎችን ለሚረዱ ድርጅቶች አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ።

የልቡን አላህ ያውቃል፤ እኛ አንፈርድም። ነገር ግን በሁለቱ ይቅርታዎች መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉ። አንደኛው ያነጋገረው የተቆጣውን ሕዝብ ነው። ሁለተኛው የተበደለውን አስታወሰ። በሃይማኖታችን የሙት ክብር እንደ ሕያው ክብር ነው። የዚያ ሰው ገመና ሊሸፈን የሚገባው ተመልካች ስለተቆጣ ሳይሆን የሰው ልጅ ስለ ሆነ ነው። አንድ ተመልካች እንኳ ባይቆጣ ኖሮ ዕዳው እዚያው ነበር።

ኢማም አን-ነወዊ «ሪያዱ-ሷሊሒን» በተሰኘው ኪታባቸው የተውባን መስፈርቶች ሲዘረዝሩ ኃጢአቱን መተው፣ መጸጸትና ላለመመለስ መቁረጥ ብለው፣ ጥፋቱ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ አራተኛ ይጨምራሉ፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ይቅር እንዲል መጠየቅ። ከሊቃውንትም ሰውን ያማ ሰው ባማበት ቦታ ላይ በበጎ ያንሣው፣ ዱዓም ያድርግለት ያሉ አሉ። ለተጓዡ ይህ ግልጽ መንገድ ነው። የአንድን መንደር ሰዎች ባዋረደበት በዚያው መድረክ ላይ፣ ያንኑ ተመልካች ሰብስቦ፣ እውነቱን ይናገር። ከተመልካቾቹ ጋር መታረቅ ቀላል ነው፤ እነርሱ በሳምንቱ ይረሳሉ። የተቀረጸችው ሴት ግን አትረሳም።

ትችትን በወንፊት

እንግዲህ ተጓዥ ልጅ ያላችሁ ወይም ራሳችሁ የምትቀርጹ ከሆነ፣ ትችት ሲመጣ በሦስት ከፍላችሁ እዩት።

አንደኛው የስሕተት እርማት ነው። ስም ተሳስታችኋል፣ ታሪክ አጣማችኋል የሚል ነው። ይህ የሚመሰገን ስጦታ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙእሚን ለሙእሚን መስተዋት መሆኑን አስተምረዋል። ፊቱ ላይ ጥላሸት አይቶ መስተዋት የሚሰብር ማን አለ?

ሁለተኛው የበደል አቤቱታ ነው። ሰው አስከፍታችኋል፣ ያልፈቀደ ቀርጻችኋል፣ ድሃን መሳለቂያ አድርጋችኋል የሚል ነው። ይህ ሲመጣ ክርክር ይቁም። ክፍሉ ይነሣ፤ ባለቤቱ ይፈለግ።

ሦስተኛው ስድብ ነው። ይህኛው መልስ የለውም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን የራህማን ባሮች አላዋቂዎች በክፉ ሲያነጋግሯቸው በሰላም ቃል እንደሚያልፉ ነግሮናል። ስድብን ማጥፋት ነውር የለውም። ነውሩ ስድብን አጠፋለሁ ብሎ አቤቱታውንም አብሮ ማጥፋት ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱንም በአንድ ጆንያ ከተው «ምቀኞች» ይሏቸዋልና።

ስለ ምግብም አንድ ቃል ልጨምር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው አያውቁም፤ ካሻቸው ይበላሉ፣ ካላሻቸው ይተዋሉ። ዛሬ ስንቱ ተጓዥ ድሃ ያቀረበለትን አንድ ጉርሻ ጎርሶ ፊቱን በማጨፍገግ እንጀራውን ይበላል! ይህችን አንዲት ሱና ቢይዝ ከግማሽ ትችቱ በዳነ ነበር።

ወደ ተመልካቹ

አሁን ፊቴን ወደ ራሳችን ልመልስ። እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ይሆናል። የውጭ አገር ሰው መጥቶ በገበያ መካከል አንዲት የተጎሳቆለች ሽንኩርት ሻጭ ይቀርጻል። ሳያስፈቅድ ነው። ተመልካቹ ይቆጣል፤ መቆጣቱም ይገባል። ግን ከሥር የሚጻፈውን አንብቡ። «አገራችንን አሰደበች»፣ «እንዲህ ሆና ካሜራ ፊት መቆም አታፍርም?» ይላል። ወዳጆቼ! ተጓዡ አንድ ጊዜ በደላት፤ ለአገሩ ክብር ተቆረቆርኩ ያለው ደግሞ ሁለተኛ በደላት። እርሷ ግን ለልጆቿ ሐላል እንጀራ ፍለጋ እንደ ተቀመጠች ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐሜት ማለት ወንድምህን በማይወደው ነገር ማንሣት ነው ሲሉ ያልኩት እውነት ቢሆንስ? ተብለው ተጠይቀዋል። እውነት ከሆነ ሐሜት፣ ካልሆነ ቅጥፈት መሆኑን አስረድተዋል። «እውነቴን ነው የጻፍኩት» ማለት እንግዲህ አያድንም። ለማስጠንቀቅ ሲሆን መናገር ተፈቅዷል። ተጓዡ በዚህ ቦታ እንግዳ ይታለላል ብሎ ቢናገር ምክር ነው። የማስጠንቀቂያ ልኩ ግን ጉዳቱን ማስቀረት ነው፤ የሰውን ፊት፣ ዘርና እናት ማንሣት ከልኩ ውጭ ነው።

አንድ የገጠር ዐረብ ወደ መዲና መጥቶ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ የሸና ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ሶሐቦች ሊያስቆሙት ተነሡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ተዉት፣ ይጨርስ አሉና በሽንቱ ላይ ባልዲ ውኃ አስፈሰሱበት። ከዚያም መስጊድ ለምን እንደ ተሠራ በለሰለሰ ቃል አስረዱት። እንግዳ ነበር፤ ሥርዓቱን አያውቅም ነበር። ከዚያ የከፋ የእንግዳ ጥፋት ከየት ይመጣል? እኛ ግን ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፍ የረገጠን ቱሪስት በሺህ ስድብ እንቀብረዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥፋት ባዩ ጊዜም ስም ሳይጠሩ «ሰዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያደርጉት?» በሚል መንገድ ማረም ልማዳቸው ነበር።

ደግሞ ይህን እወቁ። የቁጣ ቃልም ቢሆን ተመልካች ይጠራል፤ ተመልካች ደግሞ የማስታወቂያ ገንዘብ ያመጣል። የምንሰድበው ተጓዥ በስድባችን ሊከብር ይችላል። እኛ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደ ነገሩን ሰላትና ፆም ይዞ መጥቶ፣ በሰደባቸው ሰዎች በጎ ሥራው ተከፋፍሎ የሚያልቅበት ያ ኪሳራ የገጠመው ሰው እንሆናለን። እርሱ በዱንያ ሲያተርፍ እኛ በአኼራ እንከፍላለን። ምን ዓይነት ንግድ ነው?

በቤታችን

ውድ አባቶችና እናቶች! እኛም ሁላችን ተጓዦች ነን፤ በየኪሳችን ካሜራ አለ። ለዒድ ወደ ወሎ ወይም ወደ ባሌ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ልጃችሁ የአያቱን ጭስ የጠገበ ማድቤት፣ የተቀደደ ነጠላዋንና የተሰነጠቀ እግሯን ቀርጾ ሲለቀው «እንዴት ያምራል» ብላችሁ አልፋችሁ ይሆናል። እማማን ግን አስፈቅዳችኋል? የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚስቅ ነግራችኋታል? ሰዎች ሲተቹትስ ልጃችሁ ያለቀሰው ለአያቱ ነው ወይስ ለራሱ?

አንድ ነገር ተለማመዱ። ማታ ቪዲዮ ስታዩ ልጆቻችሁን «ይህ የሚታየው ሰው ቤታችን ቢመጣ፣ ስለ እርሱ ያልነውን ፊቱ እንደግመዋለን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ አይ ከሆነ አይጻፍ። የተጻፈ ካለም ይጥፋ፤ ለተሰደበውም ዱዓ ይደረግለት።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ነገድና ጎሳ አድርጎ የፈጠረን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። የጉዞ ሁሉ ትርጉም በዚህ ውስጥ አለ። ግን ከዚያ አንቀጽ በፊት ምን እንደ ቀደመ ቁርአኑን ከፍታችሁ እዩ። ወሬን ማጣራት ቀደመ፤ ማላገጥና በመጥፎ ስም መጠራራት ተከለከለ፤ ጥርጣሬ፣ ስለላና ሐሜት ተከለከሉ። መተዋወቅ የመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምላሱን ያልገታ ሰው ምድርን ቢዞር አገር ያያል እንጂ ሰው አይተዋወቅም። ቤቱ ተቀምጦ የሚያየውም እንዲሁ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በእጃችንና በምላሳችን ማንንም የማንጎዳ፣ ስንሳሳት ከተመልካች በፊት ባለሐቁን የምናስታውስ ያድርገን። አሚን።